የተቆጣ ሳንባና ልጓም ያዥ ሴሎች

የአንድ ጎልማሳ ሳንባ በቀን ወደ 10,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ያስገባል። አየሩ የሚደርስባቸው ጥቃቅን ከረጢቶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሲሆኑ፣ ሁሉም ተዘርግተው ቢለኩ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። አየሩን ከደሙ የሚለየው ግድግዳ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር ሺኛ እንኳ አይሞላም። ኦክስጅን በቀላሉ ወደ ደም እንዲሻገር ግድግዳው ይህን ያህል መሳሳት አለበት፤ መሳሳቱ ግን ለጉዳት ያጋልጠዋል። ከአየሩ ጋር አቧራ፣ ጭስ፣ የአበባ ብናኝ፣ ሻጋታ፣ ባክቴሪያና ቫይረስ አብሮ ይገባል። አብዛኛው ጉዳት የሌለው ነው፤ ጥቂቱ ግን ይገድላል። በመሆኑም በሳንባ ውስጥ ያለው የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ቀን ከሌት የሚሠራው ማጥቃትን ብቻ አይደለም፤ በአመዛኙ ከማጥቃት መታቀብን ነው።

አካል ሲቆስል ወይም በተዋሲ ሲወረር የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ፈሳሽና ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ይጎርፋሉ፤ አካሉ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል። ይህ ብግነት ይባላል። እጅ ላይ ከሆነ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል። የአየር ከረጢት ውስጥ ከሆነ ግን ያው ፈሳሽ የአየሩን ቦታ ይይዘዋል፤ ተዋሲን ለመግደል የተረጨው ኬሚካልም ያንኑ ስስ ግድግዳ ይበላዋል። ብዙ የሳንባ በሽተኞችን ለሞት የሚያደርሳቸው የገባው ጠላት ብቻ ሳይሆን እሱን ለመመከት የዘመተው ሠራዊትም ነው።

ይህ እጅግ በከፋ መልኩ የሚታየው ኤአርዲኤስ በሚባለው ድንገተኛ የሳንባ መታወክ ነው። በሳንባ ምች፣ በደም መመረዝ ወይም በከባድ የአካል ጉዳት ሳቢያ ሁለቱም ሳንባዎች በቀናት ውስጥ በፈሳሽ ይሞላሉ፤ ታማሚው ያለ መተንፈሻ ማሽን መቆየት ይሳነዋል። ሕመሙን በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው የገለጹት በዴንቨር የነበሩ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ዘገባቸው 12 ታማሚዎችን የሚመለከት ነበር። (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲህ ግማሽ ክፍለ ዘመን አልፏል፤ ሆኖም በ50 አገሮች ተካሂዶ በ2016 የታተመ ጥናት ከታማሚዎቹ 40 በመቶ ያህሉ ከሆስፒታል በሕይወት እንደማይወጡ አሳይቷል። ከፍተኛው መሻሻል የመጣውም ከመድኃኒት አይደለም። በ2000 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ጥናት ማሽኑ በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር በኪሎ ክብደት ከ12 ሚሊሊትር ወደ 6 ሲቀነስ ሞት ከ39.8 በመቶ ወደ 31 በመቶ እንደሚወርድ አረጋገጠ። ሳንባውን ማሽኑ ራሱ እንዳይጎዳው ተደረገ ማለት ነው እንጂ ብግነቱ አልታከመም።

በ2020 የብሪታንያው የሪከቨሪ ጥናት ዴክሳሜታዞን የተባለው ርካሽ ስቴሮይድ በኮቪድ ታመው በማሽን ከሚተነፍሱት መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። ይህ ታላቅ ውጤት ነው። ስቴሮይድ ግን የሚያረግበው ሁሉንም ነው፤ ጎጂውንና ጠቃሚውን አይለይም። የፈረሰውን ግድግዳም መልሶ አይገነባም። የዚህ ምዕራፍ ርዕሰ ጉዳይ የሆኑት ሴሎች ተስፋ የተጣለባቸው በእነዚህ ሁለት ክፍተቶች ምክንያት ነው።

የጠፋውና የተመለሰው ሐሳብ

ቲ-ሴሎች ከደረት አጥንት ጀርባ በሚገኘው ታይመስ በተባለው እጢ ውስጥ የሚበስሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ታይመስ የራስን አካል ሊያጠቁ የሚችሉትን አብዛኞቹን ገና ከመውጣታቸው በፊት ይገድላቸዋል። ማጣራቱ ግን ፍጹም አይደለም፤ ያመለጡት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይዞራሉ። እነዚህን አደብ የሚያስይዙ ሌሎች ቲ-ሴሎች አሉ፤ ተቆጣጣሪ ቲ-ሴሎች ይባላሉ። በደም ውስጥ ሲዲ4 የተባለውን ምልክት ከሚሸከሙት ቲ-ሴሎች መካከል ድርሻቸው ከ5 እስከ 10 በመቶ ብቻ ነው። ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም የሚጋልበውን ሥርዓት ልጓም የያዙት እነሱ ናቸው።

ሳይንስ እዚህ የደረሰው ቀጥ ባለ መንገድ አይደለም። በ1969 ኒሺዙካና ሳካኩራ የተባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ከተወለዱ ሦስት ቀን የሆናቸውን አይጦች ታይመስ አወጡ። መከላከያቸው ይዳከማል ተብሎ ሲጠበቅ የአይጦቹ ዕንቁልጢ በገዛ ሰውነታቸው ተጠቅቶ ወደመ። ታይመስ የሚያጠቁ ሴሎችን ብቻ ሳይሆን የሚያረጋጉትንም ያመርታል የሚል ፍንጭ ነበር። በ1970ዎቹ ብዙ ቤተ ሙከራዎች "ጨቋኝ ቲ-ሴል" ብለው የሰየሙትን ሴል አሳደዱ። እነዚህን ሴሎች ይመራል የተባለው ጂን ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ የዘር ቅንጣቱ ሲመረመር በተባለበት ቦታ አልተገኘም። ዘርፉ ባንድ ጊዜ መሳቂያ ሆነ፤ ቃሉን በጥናቱ ርዕስ ላይ መጻፍ የሚደፍር ተመራማሪም ጥቂት ነበር።

ሺሞን ሳካጉቺ ከጥቂቶቹ አንዱ ነበር። የሦስት ቀኖቹን አይጦች ሙከራ ተከትሎ ለዓመታት ሠራ፤ በ1995 ደግሞ ሲዲ25 የተባለውን ምልክት በብዛት የተሸከሙት ሲዲ4 ሴሎች ከተወገዱ አይጦች ራሳቸውን የሚያጠቃ በሽታ እንደሚይዛቸው፣ ሴሎቹ ሲመለሱላቸው ግን እንደሚድኑ አሳየ። የድሮው ክርክር የወደቀው ሴሉን በእጅ ለይቶ የሚያወጣ ምልክት ስላልነበረ ነው፤ አሁን ምልክቱ ተገኘ። ያም ሆኖ ጥርጣሬው ወዲያው አልጠፋም።

ቀሪው ማስረጃ ከሌላ አቅጣጫ መጣ። በአሜሪካ ኦክ ሪጅ በ1940ዎቹ የጨረር ጉዳትን ለማጥናት ይረቡ ከነበሩ አይጦች መካከል ቆዳቸው የሚቀረፍ፣ ዕጢዎቻቸው የሚያብጡ፣ በጥቂት ሳምንታት የሚሞቱ ወንድ አይጦች በአጋጣሚ ተወልደው ነበር። ሜሪ ብሩንኮና ፍሬድ ራምስዴል በዋሽንግተን ግዛት በነበረ የባዮቴክኖሎጂ ድርጅት ውስጥ ሆነው የበሽታውን ጂን መፈለግ የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው። የዘር ቅንጣቱን ሙሉ ቅደም ተከተል ማንበብ የቀናት ሥራ ባልነበረበት በዚያ ጊዜ ፍለጋውን ወደ 20 ጂኖች አጠበቡና አንድ በአንድ መረመሩ። ስህተቱ የተገኘው በመጨረሻው በ20ኛው ላይ ነው። በ2001 ፎክስፒ3 ብለው ስም ሰጡት። በሰው ላይ ያው ጂን ሲበላሽ አይፔክስ የተባለ ብርቅ በሽታ ይከሰታል፤ ወንድ ሕፃናት በተወለዱ በወራት ውስጥ በስኳር በሽታ፣ በማያቋርጥ ተቅማጥና በቆዳ ቁስል ይሰቃያሉ። በ2003 ሳካጉቺን ጨምሮ የተለያዩ ቡድኖች ፎክስፒ3 የተቆጣጣሪ ቲ-ሴሎች ዋና አዛዥ ጂን መሆኑን አሳዩ። ብሩንኮ፣ ራምስዴልና ሳካጉቺ የ2025ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ማርገብና መጠገን

ተቆጣጣሪ ቲ-ሴል ባልደረቦቹን የሚያረጋጋበት መንገድ አንድ አይደለም። ኢንተርሉኪን-10 እና ቲጂኤፍ-ቤታ የተባሉ አርጋቢ መልእክተኞችን ይረጫል። ሲቲኤልኤ-4 በተባለ ፕሮቲን አማካይነት፣ ለሌሎች ቲ-ሴሎች "ተነሱ" የሚል ምልክት ከሚያሳዩ ሴሎች ላይ ምልክቱን ገፍፎ ይውጠዋል። ሌሎች ቲ-ሴሎች ለመራባት የሚያስፈልጋቸውን ኢንተርሉኪን-2 በሲዲ25 አማካይነት እየሳበ ያስርባቸዋል። ከተጎዱ ሴሎች የሚፈሰውን ኤቲፒ፣ በብግነት ጊዜ የአደጋ ጥሪ የሆነውን፣ ወደ አርጋቢው አዴኖሲን ይቀይረዋል። ከእነዚህ የትኛው በየትኛው በሽታ እንደሚበልጥ በየአካሉ ይለያያል።

ለሳንባ ዋናው ማስረጃ በ2009 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ተመራማሪዎቹ በአይጦች የመተንፈሻ ቱቦ የባክቴሪያ ቅርፊት ቅንጣት በመጨመር ሳንባቸውን አስቆጡ። ጤነኞቹ አይጦች በቀናት ውስጥ አገገሙ። ቲ-ሴል ፈጽሞ የሌላቸው አይጦች ግን ሳይሻላቸው ቆዩ፤ ብዙዎቹም ሞቱ። ለእነዚህ ተቆጣጣሪ ቲ-ሴል ሲሰጣቸው፣ ያውም ጉዳቱ ከደረሰ ከአንድ ቀን በኋላ፣ ማገገም ቻሉ። ለረጅም ጊዜ የብግነት መብረድ ተቀጣጣዩ ሲያልቅ በራሱ የሚመጣ ተደርጎ ይታይ ነበር። መብረድ ራሱን የቻለ፣ ሠራተኛ የሚፈልግ ሥራ መሆኑ በዚህም ታየ። ሴሎቹ ከጉዳት በኋላ ተሰጥተው መሥራታቸውም ለሕክምና ትልቅ ነገር ነው፤ ታማሚ ሆስፒታል የሚመጣው ሳንባው ከተጎዳ በኋላ ነውና።

ስድስት ዓመት ቆይቶ ከዚህም የሚበልጥ ግኝት መጣ። በኒው ዮርክ የአሌክሳንደር ሩደንስኪ ቡድን ተቆጣጣሪ ሴሎቻቸው አምፊሬጉሊን የተባለውን የእድገት ፕሮቲን ብቻ እንዳያመርቱ የተደረጉ አይጦችን በኢንፍሉዌንዛ አስያዘ። ሴሎቹ የማርገብ ችሎታቸው አልተነካም፤ በሳንባው ያለው የቫይረስ መጠንም አልተለወጠም። ሆኖም የአይጦቹ ሳንባ እጅግ ተጎዳ፤ የኦክስጅናቸው መጠንም ወረደ። ስለዚህ እነዚህ ሴሎች ሁለት የተለያዩ ሙያዎች አሏቸው፤ አንዱ ማርገብ፣ ሌላው የተቀደደውን ሽፋን እንዲያድግ መቀስቀስ። ስለ ዘርፉ የሚጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ በመጀመሪያው ላይ ያተኩራል። ለሳንባ ግን የሚበልጠው ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም፤ የሚያረግቡ መድኃኒቶች ከስቴሮይድ ጀምሮ በርካታ ሲሆኑ፣ የአየር ከረጢትን ግድግዳ የሚጠግን መድኃኒት ግን በሐኪም እጅ የለም።

ሁሉም የሳንባ በሽታ የእነዚህ ሴሎች እጥረት ነው ማለት አይቻልም። ሳርኮይዶሲስ በተባለው፣ በሳንባ ውስጥ ጥቃቅን የሴል ክምችቶች በሚፈጠሩበት በሽታ፣ ተቆጣጣሪ ሴሎች በዝተው ይገኛሉ፤ ብግነቱን ግን አያቆሙትም። ሳንባ ጠባሳ በሚያወጣባቸው በሽታዎች ደግሞ ከመሣሪያዎቻቸው አንዱ የሆነው ቲጂኤፍ-ቤታ ራሱ ጠባሳን የሚያበረታ ነው። በእነዚህ በሽታዎች ሴሎቹን በቁጥር መጨመር በራሱ መፍትሔ አይደለም።

ጅማ፣ ትሎችና አስም

አስም ከኤአርዲኤስ ጋር ሲነጻጸር ሌላ ዓይነት ችግር ነው። ጉዳት የሌለው የአበባ ብናኝ ወይም አቧራ እንደ ጠላት ይቆጠርና የመተንፈሻ ቱቦው ለዓመታት ይቆጣል። በአይጦች ላይ ማስረጃው ጠንካራ ነው፤ በ2005 የታተሙ ሥራዎች ተቆጣጣሪ ሴሎች ሲወገዱ የአለርጂ ብግነት እንደሚባባስ፣ ከሌላ አይጥ ተወስደው ሲሰጡ ደግሞ የተቀጣጠለውን ብግነት እንደሚያበርዱ አሳይተዋል። ከእነዚህ መካከል አንዱ ሥራ የአንጀት ትል ከያዛቸው አይጦች የተወሰዱ ተቆጣጣሪ ሴሎች ትል ለሌላቸው አይጦች ሲሰጡ የመተንፈሻ አካል አለርጂን እንደሚገቱ ያመለከተ ነው።

ትሉ እዚህ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1997 ላንሴት ላይ የወጣው የጅማ ጥናት በከተማዋና በዙሪያዋ ገጠር የሚኖሩ ሰዎችን አነጻጽሮ፣ ሲተነፍሱ ማፏጨትና አስም በገጠር እጅግ አነስተኛ መሆናቸውን አገኘ። ይበልጥ ያስገረመው ሌላ ነገር ነው። በከተማ ቆዳቸው ሲፈተን ለአለርጂ አምጪ የሚቆጣ ሰዎች አስም የመያዛቸው ዕድል ከፍ ያለ ሲሆን፣ በገጠር ግን ይህ ቁርኝት አልታየም። አለርጂው በሰውነት ውስጥ አለ፤ ሳንባው ግን ከመቆጣት የከለከለው ነገር አለ ማለት ነው። በ2001 የታተመ፣ በዚያው በጅማ የተካሄደ ጥናት መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች ሲተነፍሱ የማፏጨት ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን ጠቆመ። ከሰው አካል ጋር ሺህ ትውልድ የኖረ ትል እንዳይባረር አስተናጋጁን ማረጋጋት ይጠቅመዋል። ኋላ ላይ እንደተደረሰበት፣ በአይጥ አንጀት የሚኖር አንድ ትል ልክ እንደ ቲጂኤፍ-ቤታ የሚሠራ የራሱን ፕሮቲን ያመነጫል፤ ይህም ተራ ቲ-ሴሎችን ወደ ተቆጣጣሪነት ይቀይራቸዋል።

ከዚህ ተነስቶ "ትል መድኃኒት ነው" ማለት ግን ስህተት ነው። በእንግሊዝ ኖቲንግሃም ያሉ ተመራማሪዎች የአስም ታማሚዎችን በፈቃዳቸው በጥቂት የመንጠቆ ትል እጮች አስይዘው በ2010 ውጤቱን ሲያሳውቁ በአስማቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አልተገኘም። መንጠቆ ትል ደግሞ ደም ይመጥጣል፤ ሕፃናትንና ነፍሰ ጡሮችን ለደም ማነስ ይዳርጋል። የጅማው ጥናት ፋይዳ ትልን ማወደስ ሳይሆን፣ ሳንባን ከአለርጂ የሚያረጋጋ ሥርዓት በሰው ልጅ ውስጥ መኖሩንና ከውጭ ሊነካ እንደሚችል ማመላከቱ ነው።

ሴልን መድኃኒት ማድረግ

ተቆጣጣሪ ቲ-ሴል በፋብሪካ የሚቀመም ኪኒን አይደለም። ሕያው ነው፤ ከሰው ይወሰዳል፣ ይለያል፣ ይራባል፣ ተመልሶ በደም ሥር ይሰጣል። ደሙ በማሽን እያለፈ ነጭ ሴሎቹ ይሰበሰባሉ። ከእነሱ መካከል ሲዲ4 እና ሲዲ25 ያላቸው፣ ሲዲ127 የተባለው ምልክት ደግሞ አነስተኛ የሆነባቸው ይመረጣሉ። ይህ ሦስተኛው መስፈርት አስፈላጊ ነው፤ ሲዲ25 በተነሳሱ አጥቂ ሴሎችም ላይ ስለሚወጣ በእሱ ብቻ መለየት ወዳጅና ጠላትን ያቀላቅላል። ፎክስፒ3ን በቀጥታ መፈተሽ ደግሞ አይቻልም፤ ፕሮቲኑ በሴሉ እምብርት ውስጥ ስላለ ሴሉን ሳይገድሉ ማየት አይቻልም። የተመረጡት ሴሎች በኢንተርሉኪን-2 እና በሚያነቃቁ ቅንጣቶች እየተመገቡ ለሁለት ሳምንት ገደማ ይራባሉ። ሾልከው የገቡ አጥቂዎች እንዳይበዙ ብዙዎቹ ቤተ ሙከራዎች ራፓማይሲን የተባለ መድኃኒት ይጨምራሉ።

ሁለት ሳምንት እንደ ስኳር ባለ ለዓመታት በሚቆይ ሕመም ለተያዘ ሰው ረጅም ጊዜ አይደለም። የኤአርዲኤስ ታማሚ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። መፍትሔው የተገኘው ከእትብት ደም ነው። ልጅ ሲወለድ ከሚጣለው እትብትና እንግዴ ልጅ የሚሰበሰበው ደም ከተዋሲ ጋር ብዙም ያልተዋወቁ፣ ተፈጥሯቸውን የማይለውጡ ተቆጣጣሪ ሴሎች አሉት። ከአንድ ለጋሽ የተገኙት ተራብተው፣ በጥልቅ ቅዝቃዜ ተቀምጠው፣ በተፈለጉ ጊዜ ለሌላ ሰው ሊሰጡ ይችላሉ። የባዕድ ሴሎች በመሆናቸው ሰውነት ውሎ አድሮ ያስወግዳቸዋል፤ በቀናት ውስጥ ማለፍ ወይም መግደል በሚችል በሽታ ግን ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም። ሳንባም በዚህ ረገድ ዕድለኛ አካል ነው። በክንድ ደም ሥር የተሰጠ ሴል በቀኝ ልብ በኩል አልፎ መጀመሪያ የሚደርሰው በሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው፤ ብዙው እዚያው ለጊዜው ይያዛል። ወደ ጣፊያ ወይም ወደ አንጎል ሴል ለማድረስ የሚለፉ ተመራማሪዎች ይህን መያዝ ያማርራሉ፤ ለሳንባ ሐኪም ግን የተፈለገው አድራሻ ነው።

በሰው ላይ የመጀመሪያው ሙከራ የተካሄደው ለሳንባ አልነበረም። በፖላንድ ግዳንስክ የፒዮትር ትርዞንኮቭስኪ ቡድን በ2009 መቅኔ ከተለገሳቸው በኋላ የለጋሹ ሴሎች ሰውነታቸውን ያጠቁባቸውን ሁለት ታማሚዎች ማከሙን ዘገበ። በ2015 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች ለ14 የስኳር በሽተኞች የራሳቸውን ተራብተው የተመለሱ ሴሎች መስጠታቸውን ዘገቡ፤ መጠኑ ከ5 ሚሊዮን እስከ 2.6 ቢሊዮን ሴል ነበር። ጉዳት አልታየም፤ ከሴሎቹ ጥቂቶቹም ከአንድ ዓመት በኋላ በደም ውስጥ ይገኙ ነበር። ስኳሩን ማዳን ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ያህል አልተሳካም።

የሳንባው ተራ የመጣው በኮቪድ ነው። በ2020 በጆንስ ሆፕኪንስ በማሽን ይተነፍሱ ለነበሩ ሁለት ታማሚዎች ከእትብት ደም የተገኙ ተቆጣጣሪ ሴሎች ተሰጡ፤ በደማቸው ውስጥ ያሉ የብግነት ምልክቶችም ቀነሱ። ይህ መልካም ዜና ቢሆንም ሁለት ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ሌላ መድኃኒትም ይወስዱ ነበር። ቀጥሎ 45 ታማሚዎችን በዕጣ በሦስት የከፈለ ሙከራ ተካሄደ። አንዱ ቡድን በእያንዳንዱ ጊዜ 100 ሚሊዮን ሴል፣ ሁለተኛው 300 ሚሊዮን፣ ሦስተኛው ማስመሰያ ፈሳሽ ተሰጠው፤ መጀመሪያ፣ በሦስተኛው ቀንና በሰባተኛው ቀን። ሐኪሙም ታማሚውም ማን ምን እንደተሰጠው አያውቁም ነበር። በ2023 የታተመው ውጤት ሴሎቹ መጠኑን ለመገደብ የሚያስገድድ ጉዳት እንዳላደረሱ አረጋግጧል። ይጠቅማሉ ወይ ለሚለው ጥያቄ ግን በየቡድኑ 15 ሰው ይዞ መልስ መስጠት አይቻልም። የዘርፉ ማስታወቂያዎች "ተስፋ ሰጪ" የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ያበዙታል። ትክክለኛው ንባብ የሚከተለው ነው፦ ሴሎቹን በፅኑ ሕሙማን ክፍል መስጠት ይቻላል፤ ሕይወት ያድናሉ ወይ የሚለው ገና አልተፈተነም።

ጥንቃቄው ከየት እንደመጣ ለመረዳት የለንደኑን የ2006 ክስተት ማስታወስ ይበቃል። ቲጂኤን1412 የተባለ ፀረ እንግዳ አካል፣ አምሳያው በአይጦች ላይ ተቆጣጣሪ ሴሎችን ያበዛ ስለነበር፣ ለመገጣጠሚያ ብግነትና ለመሳሰሉት በሽታዎች ታስቦ ነበር። በኖርዝዊክ ፓርክ ሆስፒታል ግቢ በነበረ የሙከራ ክፍል ለስድስት ጤነኛ ወንዶች፣ በእንስሳት ደህንነቱ ከተረጋገጠው መጠን 500 ጊዜ ባነሰ መጠን ተሰጠ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ጀመራቸው፤ ቀጥሎም ሳንባቸውና ኩላሊታቸው ታወከ። ሁሉም ተረፉ፤ አንደኛው ግን የእጅና የእግር ጣቶቹን ጫፎች አጣ። በኋላ እንደታወቀው ለሙከራ ያገለገሉት ጦጣዎች አጥቂ ሴሎች መድኃኒቱ የሚይዘው ምልክት ይጎድላቸው ነበር፤ የሰዎቹ ግን አልጎደላቸውም። ልጓም ይይዛል የተባለው መድኃኒት ፈረሱን ሁሉ ለቀቀው። በሰውነት ውስጥ ያሉትን ሴሎች በመድኃኒት ከመቀስቀስ ይልቅ ከውጭ አራብቶና መርምሮ መስጠት የተመረጠው በከፊል ከዚህ በተገኘ ትምህርት ነው።

ሴሎቹ ራሳቸውም አደጋ አላቸው። በጠንካራ ብግነት መካከል አንዳንዶቹ ፎክስፒ3ን ያጡና ኢንተርሉኪን-17 ወደሚረጩ አጥቂዎች ይለወጣሉ፤ አርጋቢ ተብሎ የተሰጠው እሳቱን ያቀጣጥላል። ለዚህም ነው ቤተ ሙከራዎች የፎክስፒ3 ጂን በሴሉ ውስጥ በቋሚነት ክፍት መሆኑን ከመስጠታቸው በፊት የሚመረምሩት። ሁለተኛው ሥጋት ኢንፌክሽን ነው። በአይጦች ላይ እንደታየው ተቆጣጣሪ ሴሎች በቲቢ ጊዜ አጥቂዎቹ ሳንባ እንዳይደርሱ ያዘገያሉ፤ ባክቴሪያው ጊዜ ያገኛል። የቲቢ ባክቴሪያ በብዙ ሰው ሳንባ ውስጥ ተኝቶ በሚኖርባቸው አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ይህ ሕክምና ከመሰጠቱ በፊት የቲቢ ምርመራ ግዴታ መሆኑ አይቀርም። ሦስተኛው ካንሰር ነው፤ ዕጢዎች ተቆጣጣሪ ሴሎችን ወደ ራሳቸው ስበው ከጥቃት ይከለላሉ። ለጊዜያዊ ኤአርዲኤስ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ ሲጋራ ለረጅም ዓመታት ላጨሰ የሳንባ በሽተኛ ግን ያሳስባል።

ቀጣዩ ትውልድ አድራሻ የተጻፈባቸው ሴሎች ነው። ካር በተባለ ሰው ሠራሽ ተቀባይ አማካይነት ሴሉ የተወሰነ አካልን እንዲለይ ይደረጋል። በጀርመን ሃኖቨር ተመራማሪዎች በሳንባና በአንጀት ሽፋን ላይ የሚገኘውን ፕሮቲን የሚለዩ ተቆጣጣሪ ሴሎች ሠርተው በአይጦች አስምን ማርገባቸውን በ2017 አሳዩ፤ አድራሻ ካልተጻፈባቸው ሴሎች የበለጠ ውጤታማ ነበሩ። በሰው ላይ ካር የተገጠመላቸው ተቆጣጣሪ ሴሎች መጀመሪያ የተሞከሩት ግን በኩላሊትና በጉበት ንቅለ ተከላ ነው። ዋጋው ሌላ እንቅፋት ነው። በ2017 በአሜሪካ የጸደቀው የመጀመሪያው የካንሰር ካር-ቲ ሕክምና ለአንድ ታማሚ 475,000 ዶላር ተተምኖ ነበር። ከአንድ ለጋሽ ለብዙ ሰው የሚበቃ የእትብት ሴል ይህን ሊያረክሰው ይችላል፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማጓጓዝና ማስቀመጥ ግን ይጠይቃል።

ምናልባት ወደ ሥራ ለመግባት የሚቀለው መንገድ ሳንባው ከሰውነት ውጭ ባለበት ሰዓት ነው። በካናዳ ቶሮንቶ የተስፋፋው ዘዴ ከለጋሽ የተወሰደን ሳንባ በመስታወት ጉልላት ውስጥ ለሰዓታት እየነፋና ፈሳሽ በደም ሥሮቹ እያዞረ ያቆየዋል። የዚያው ከተማ ተመራማሪዎች ተቆጣጣሪ ሴሎችን ወደዚህ ፈሳሽ ጨምረው ሴሎቹ ወደ ሳንባው ዘልቀው እንደሚገቡ፣ በአይጥም ላይ ከንቅለ ተከላ በኋላ የሚነሳውን የአጥቂ ሴሎች መቀስቀስ እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። በዚህ ዘዴ ሴሎቹ የታማሚውን ሌላ አካል ሳይነኩ የሚገቡት በሚተከለው ሳንባ ውስጥ ብቻ ነው፤ ሐኪሙም ሳንባውን ከመትከሉ በፊት ውጤቱን ለመመልከት ጥቂት ሰዓት ያገኛል።